ጥያቄው ሲቀል የደነገጥኩበት ፈተና

ጡረታ የወጣሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። በመጨረሻው ቀን ባልደረቦቼ በመመገቢያው አዳራሽ ኬክ ቆረሱልኝና አንዷ ወጣት ሠራተኛ «ማሬ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ከሁሉ የከበደሽ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ኮምፒውተሮቹ የተቃጠሉበትን ቀን ወይም ምድር ቤቱን ውሃ የሞላበትን ክረምት የምነግራቸው መስሏቸው ነበር። እኔ ግን «ሚቭሐን» አልኩ። ፈተና ማለቴ ነው። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ አሁን ያስቃልና። ያኔ ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ብርቱካን በመልቀም ነው። በሱዳን በኩል እስራኤል መጥተን፣ ኡልፓን የሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብተን ዕብራይስጥ ከተማርን በኋላ ሐደራ ከተማ፣ ቤት ኤሊዔዘር በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት አገኘን። ባለቤቴ ደሴ የጭነት መኪና መንዳት ጀመረ፤ እኔ ደግሞ ኢንዱስትሪ ዞን ካለው የፍራፍሬ ማሸጊያ ገባሁ። ብርቱካኑ በሚሽከረከረው ቀበቶ ላይ እየተንከባለለ ይመጣል፤ እኛ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመን የተመታውንና የበሰበሰውን እናወጣለን። እጄን ምንም ያህል ብታጠብ የልጣጩ ሽታ አይለቀኝም ነበር። ሁለት ወቅት እንዲህ ሠራሁ። ከዚያ ሚዛን ላይ የምትሠራዋ ጸሐፊ ስትወልድ፣ ጎንደር እስከ አሥረኛ ክፍል መማሬን የሚያውቀው አለቃ በእሷ ቦታ አስቀመጠኝ።

ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቅሁት እዚያ ነው። ጥቁር ስክሪን፣ አረንጓዴ ፊደል። የሳጥኑን ክብደትና የሚላክበትን አገር አስገባለሁ። ስክሪኑ ድርቅ ብሎ ሲቆም ሌሎቹ ጸሐፊዎች ደስ ብሏቸው ለዕረፍት ይነሳሉ። እኔ ግን ለምን እንደቆመ ሳላውቅ መነሳት አልችልም። የሚጠግነው ሰው ሲመጣ ከኋላው ቆሜ አያለሁ፤ እጠይቃለሁ።

የሚጠግነው ሰው ላሪሳ ነበረች። ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ ከሶቭየት ኅብረት ከገቡት ሰዎች አንዷ ናት። አገሯ ላይ መሐንዲስ ነበረች፤ እዚህ ስትደርስ ግን የመጀመሪያውን ዓመት የፎቅ ደረጃ በማጠብ ነው ያሳለፈችው። ማሸጊያው የኮምፒውተር ክፍል ሲያቋቁም ቀጠራት። ረጅም፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ስትስቅ ድምፅ የማይወጣት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ጥያቄ ሳበዛባት «ነገ ወደ እኔ ክፍል ነይ። እዚያ ጠያቂዋ እኔ እሆናለሁ፣ መላሿ አንቺ» አለችኝ። በአማርኛ ቢሆን እርስዎ እላት ነበር፤ በዕድሜ ብዙ ትበልጠኛለች። ዕብራይስጥ ግን እርስዎ የለውም። ሁለታችንም በተሰባበረ ቋንቋችን አንቺ እየተባባልን ዓመታት ሠራን።

የላሪሳ ልማድ እስካሁን አብሮኝ አለ። ማሽን ተበላሸ ብለው ሲጠሯት፣ ከሁሉ በፊት ሁለት እጇን ሰማያዊው የሥራ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ትከታለች። እጇ ኪሷ ውስጥ እንዳለ ማሽኑን ትዞረዋለች፤ ከኋላ ታያለች፤ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር ታያለች። ከዚያ «ከትናንት ወዲህ ምን ተቀየረ?» ብላ ትጠይቃለች። ጸሐፊዋ «ምንም» ትላለች። ሁልጊዜ መልሱ ምንም ነው። ላሪሳ አትቆጣም፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ጥቂት ቆይቶ «አዎ፣ ለነገሩ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርገነው ነበር» የሚል ነገር ይመጣል። እጇ ከኪሷ የሚወጣው ያኔ ነው።

አንዴ እኔ ቸኩዬ አንዱን ገመድ ነቅዬ ሌላ ስሰካ አየችኝና «አሁን ሁለት ብልሽት አለን። አንደኛው የነሱ፣ ሁለተኛው ያንቺ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም ኪስ ያለው ልብስ መልበስ ጀመርኩ።

በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮቹን የሚያያይዘው ቀጭን ጥቁር ገመድ ነበር። ከአንዱ ማሽን ወደ ቀጣዩ እያለ በአንድ መስመር ይሄዳል። በየማሽኑ ጀርባ ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ አለ፤ በመስመሩ ሁለት ጫፍ ላይ ደግሞ የጣት ጫፍ የምታህል የብረት መዝጊያ ትገጠማለች። አንድ ቦታ ላይ ከተላቀቀ የሚቆመው ያ ማሽን ብቻ አይደለም፤ መስመሩ በሙሉ ነው። ሚዛኑ ይቆማል፤ ቢሮው ይቆማል፤ የጭነት መኪኖቹም በር ላይ ይሰለፋሉ። ደሴ አንዳንዴ ከሰልፉ መሀል ሆኖ በመስኮት «ያንቺ ገመድ ነው?» እያለ ይጮህብኝ ነበር።

አንድ በጋ ሥራ አስኪያጁ አሞስ ሁለታችንንም ጠራን። ማሸጊያው አዲስ የኔትወርክ ሥርዓት ሊገዛ ነው። ሻጩ ድርጅት ግን ፈተናውን ያለፈና የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ከሌለ ለብልሽት አልጠየቅም ብሏል።

«ከሁለት አንዳችሁ ማለፍ አለባችሁ» አለ አሞስ። «የብርቱካኑ ወቅት ከአዲሱ ዓመት በዓላት በኋላ ይጀምራል። እስከዚያ ካልሆነ ሥራውን ለውጭ ሰዎች እሰጣለሁ። ያኔ ለእናንተ ክፍል የምሰጠው ሥራ አይኖረኝም።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ሲናገር ጠረጴዛውን እንጂ እኛን ማየት አልቻለም።

እኔ የምትፈተነው ላሪሳ ናት ብዬ ነበር። ወደ ክፍላችን ስንመለስ ግን በብርጭቆ ሻይዋን ቀዳችና «እኔ ለፈተና አልቀመጥም» አለች።

«እንዴት? የምታውቂው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«አገሬ ላይ ዲፕሎማ ነበረኝ። እዚህ አገላብጠው አዩትና መልሰው ሰጡኝ። ከዚያ ደረጃ አጠብኩ። ከእንግዲህ ማንም እንዲፈትነኝ አልፈልግም። እንግሊዝኛም አልችልም። አንቺ ትችያለሽ።»

እንግሊዝኛው እውነት ነበር። ጎንደር ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር ቀስ እያልኩ አነባለሁ። ስለዚህ የእኔም የላሪሳም እንጀራ በእኔ እጅ ላይ ወደቀ። መጽሐፉ የጡብ ያህል ነበር። አውቶቡስ ላይ፣ ድስት ጥጄ፣ ልጆቹን አጠገቤ እያስጠናሁ በቃሌ ያዝኩት። ገጹን ብትነግሩኝ በላዩ ያለውን በቃሌ ልልላችሁ እችል ነበር።

ፈተናው ሐይፋ ከተማ ነው፤ በኮምፒውተር ፊት ብቻሽን ትቀመጫለሽ። ሥርዓቱን አስቀድመው ነግረውኛል። ጥያቄው እንደ ሰውየው ነው የሚመጣው። በትክክል ከመለስሽ ቀጣዩ ይከብዳል፤ ከተሳሳትሽ ይቀላል። ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄድኩ። ከዚያ ስለ ፈቃድ መጠየቅ ጀመረ፤ ማለትም በሥርዓቱ ውስጥ ማን የትኛውን ፋይል መክፈት እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል። መጽሐፉ ያለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጥያቄው ግን በመጽሐፉ ቃል አልመጣም። አንዲት ጸሐፊ አለች፣ አለቃዋ እንዲህ አድርጎላታል፣ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች፤ ታዲያ ይህን ፋይል ማየት ትችላለች ወይስ አትችልም? ይላል። እጄ ከዓይኔ ቀደመ። «የማይሆነው የቱ ነው» የሚለውን «የሚሆነው የቱ ነው» ብዬ አንብቤ መለስኩ። ቀጣዩ ቀለል አለ። ከዚያም ቀለለ። ከዚያ ልጅ እንኳ የሚመልሰው ጥያቄ መጣ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ስክሪኑ በትሕትና እየሸኘኝ ነበር። ውጤቱ ሲወጣ ማንበብም አላስፈለገኝም።

ያን ቀን ግን ከፈተናው የከፋው የቤቴ ደረጃ ነበር። አባቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። የምስክር ወረቀቱ ስም «ኢንጂነር» ስለሚል ጠዋት ስወጣ «አባ፣ ለኢንጂነርነት ልፈተን ሐይፋ መሄዴ ነው» ብያቸው ነበር። እሳቸው ኢንጂነር የሚለውን ይዘው ወረዱ። ከሕንፃው በታች ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ «ልጄ ኢንጂነር ሆነች» ብለው አወሩ። እኔ ወድቄ ስመለስ መግቢያው ላይ ጎረቤቶቼ ተነሥተው ተቀበሉኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ማሬ! ኮል ሃካቮድ!»

አንዷ አቀፈችኝ፤ ሌላዋ እልል አለች። ምን ብዬ ልናገር? «አሜን፣ አሜን» እያልኩ ደረጃውን ወጣሁ።

አባቴ በር ላይ ቆመው ነበር። «እንዴት ሆነ ልጄ?»

«ወደቅሁ፣ አባ።»

ከታች ገና ሳቅና ወሬ ይሰማል። «እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ ነገርኩ» አሉ ቀስ ብለው።

«ግድ የለም አባ፣ ቀስ ብሎ ይረሳል።»

«የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ እኔው እነግራቸዋለሁ» ብለው ከዘራቸውን አነሱ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሆኖም ሦስቱን ፎቅ እየተንገዳገዱ ወረዱ። ሰገነት ላይ ቆሜ አየኋቸው። አልተቀመጡም። ቆመው ጥቂት ቃል ተናገሩ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ተነሥተው ክንዳቸውን ይዘው እስከ መግቢያው ሸኟቸው። አባቴ ላብ በላብ ሆነው ሲመለሱ «ነገርኳቸው» አሉኝ። «በይ፣ ደግሞ መቼ ነው የሚፈትኑሽ?»

በማግስቱ ላሪሳ አላጽናናችኝም። ወንበር ሳበችልኝና «ጥያቄው የቀለለው የቱ ጋ ስትደርሺ ነው?» አለችኝ።

«ፈቃድ ጋ።»

«ጥሩ። ስለዚህ ብልሽቱ የት እንዳለ እናውቃለን።» መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። «ይህን ከአሁን በኋላ ለሰው በማስረዳት ነው የምትማሪው። በራስሽ ቋንቋ ማስረዳት ካልቻልሽ አታውቂውም ማለት ነው።»

በራሴ ቋንቋ ማን ይሰማኛል? ደሴ ከሥራ ሲመጣ ደክሞት ሶፋው ላይ ያንቀላፋል። ስለዚህ አባቴን አስቀመጥኳቸው። አባቴ አገር ቤት ሽማግሌ ነበሩ፤ የርስት ክርክር፣ የውርስ ጠብ ሲነሳ ሰው የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ ናሓል ሐደራ ወደሚባለው ወንዝ ወርደን ባሕር ዛፎቹ ሥር እንቀመጣለን። እኔ ልጆቹን በዓይኔ እየጠበቅሁ አስረዳለሁ።

«አባ፣ ይህ ሥርዓት እንደ ትልቅ ግቢ ነው። ግቢው ውስጥ ቤት አለ፤ ቤቱ ውስጥ ክፍል፤ ክፍሉ ውስጥ ሣጥን። አንድን ሰው ግቢው በር ላይ ግባ ካልነው፣ ያ ፈቃድ ወደ ውስጥ ይወረሳል።»

«እስከ ሣጥኑ ድረስ?»

«እስከ ሣጥኑ። ግን አንዱ በር ላይ ውርሱን የሚያግድ ነገር ማድረግ ይቻላል።»

አባቴ ከዘራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ አሰቡ። «እሺ። በሩ ላይ ውርሱ ታገደ እንበል። ግን ባለቤቱ ውስጥ ላለችው ሣጥን ሰውየውን በስሙ ጠርቶ ፈቅዶለት ቢሆንስ? በውርስ ያገኘውና በስሙ የተሰጠው አንድ ነው?»

ሐይፋ የወደቅሁበት ጥያቄ ይህ ነበር፤ እዚያ የጸሐፊና የአለቃ ልብስ ለብሶ መጥቶ ነው እንጂ። በማግስቱ ላሪሳ ጋ ባለው የሙከራ ማሽን ላይ አባቴ ያሉትን ግቢ ሠራሁት። በሩን አገድኩ፣ ለሣጥኑ በስም ፈቀድኩ፣ ሞከርኩ። ተከፈተ። ውርሱ ቢታገድም በስም የተሰጠው ይጸናል። ማታ ስነግራቸው «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ፤ አንድ ክርክር ፈርደው እንደተነሱ ሁሉ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አዲስ ክርክር ያመጡልኝ ነበር። የሞተ ሰው ፈቃድ ምን ይሆናል? ሁለት አለቃ ተቃራኒ ትእዛዝ ቢሰጡስ? ሁሉንም እየሞከርኩ መልሱን ይዤላቸው እመጣለሁ።

በዚያው ሰሞን ላሪሳ እረፍት ወጥታ በሌለችበት ቀን መስመሩ በሙሉ ቆመ። አሞስ ራሱ እየሮጠ መጣ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ብልሽቱን ለማግኘት መስመሩን መሀሉ ላይ ቆርጦ እዚያው መዝጊያ መግጠም ነው፤ የሚሠራው ወገን ደህና ነው፣ የማይሠራውን ደግሞ እንደገና ለሁለት መክፈል ነው። እንዲህ እያጠበብኩ ሒሳብ ክፍል ደረስኩ። «ምን ተቀየረ?» አልኩ። «ምንም» አሉ። ጠበቅሁ። ከዚያ አንዷ ጸሐፊ ፀሐይ ስለሚመታት ጠረጴዛዋን ወደ ጥግ እንዳዛወረች ትዝ አላት። መጋጠሚያዋን አውጥታ ገመዱን በቀጥታ ሰክታዋለች። መልሼ ገጠምኩት፤ ሚዛኑም ቢሮውም ተነሣ። ማንም አላጨበጨበም፤ መኪኖቹ መጫን ጀመሩ፣ በቃ። እኔ ግን ወደ ክፍሌ ስመለስ ጉልበቴ ጸንቶ ነበር።

ለሁለተኛው ፈተና የሄድኩት በዓላቱ ሊገቡ ሲሉ ነው። በዚህኛው ካልሆነ ወቅቱ ይጀምራል፤ ሌላ ዕድል የለም። አባቴ ጠዋት መርቀውኝ «ዛሬ አግዳሚው ላይ አልቀመጥም» አሉ። እኔም ሳቄ መጣ።

ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጥያቄውን ሁለት ሁለቴ አነበብኩ። «የማይሆነው» ይላል ወይስ «የሚሆነው»? ካወቅሁ በኋላ ብቻ እጄን አነሣለሁ። ጥያቄው ከበደ። ከዚያም ባሰ። ፈቃድ ጋ ስንደርስ የመጣውን ሰውዬ ወስጄ በአባቴ ግቢ አስገባሁት፤ የቱ ጋ እንደታገደ፣ የቱ ጋ በስሙ እንደተፈቀደለት እያየሁ መለስኩ። ቀጣዩ ደግሞ ጭራሽ የማይገባ የሚመስል ሆነ። ልቤ ደስ ሊለው ሲል እኔ ተው እለዋለሁ።

በድንገት ስክሪኑ ቀጥ አለ። ጥያቄው ጠፋ። ገና ብዙ ጥያቄ ይቀረኛል ብዬ ነበር። አቤት የደነገጥኩት! እጄን አውጥቼ ተቆጣጣሪዋን ጠራኋት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«ይቅርታ፣ ማሽኑ ተበላሸ። እኔ ምንም አልነካሁም።»

ጎንበስ ብላ አየች። «አልተበላሸም፣ ሐሙዳ፣ የኔ ቆንጆ። ካወቀሽ በኋላ አይጠይቅሽም። አልፈሻል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ማተሚያው እየጻፈልሽ ነው፣ አትሰሚም?»

ወረቀቱ እየተንቋቋ ሲወጣ ቆሜ ጠበቅሁ። አንብቤው መንገድ ከወጣሁ በኋላ እንደገና አነበብኩት። ከመንገድ ስልክ ላሪሳ ጋ ደወልኩ። «አለፍኩ» ስላት በሩሲያኛ ለራሷ አንድ ነገር ስትል ሰማሁ። ከዚያ አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ «ነገ በጊዜ ነይ፤ የመጋዘኑ ማተሚያ ወረቀት እየበላ ነው» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።

ያ ክፍል አልተዘጋም። ላሪሳ ጡረታ እስክትወጣ አብረን ሠራን። ጥቁሩ ገመድም ተነቅሎ ሌላ መጣ፣ ሌላውም ተነቀለ። እኔ ከማሸጊያው ወደ ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ወደ ትምህርት ቤቶች ተዛወርኩ፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ትከሻዬ ቀልሎኝ አያውቅም።

ያን ቀን ከሐይፋ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ በባሕሩ በኩል ተቀመጥኩ። ራሴን መስታወቱን አስደግፌ ውሃውን አይ ነበር። ከዚያ የማስታውሰው ሾፌሩ ትከሻዬን ሲነካኝ ነው።

«ጌቬሬት፣ የኔ እመቤት፣ መጨረሻ ደርሰናል።»

«ሐደራ ነን?»

«ምን ሐደራ! ሐደራን አለፍሽው እኮ። ናታንያ ነሽ።»

ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እስኪያመኝ ድረስ ሳቅሁ። ሾፌሩ ምን እንዳሳቀኝ ሳያውቅ አብሮኝ ሳቀና የሚመለሰውን አውቶቡስ አሳየኝ።

ቤት ኤሊዔዘር ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ደሴ ጨንቆት እስከ ማቆሚያው ወርዶ ቆሟል። የመስታወቱ ላስቲክ ጉንጬ ላይ መስመር ሠርቶብኛል፤ ፀጉሬ በአንድ ወገን ተጨፍልቋል። ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ።

«ምነው ማሬ? የት ቆየሽ? ምን ሆንሽ?»

«ናታንያ ነበርኩ፤ አለፍኩ።»

«ምኑን?»

«ሁለቱንም» አልኩት። «ሐደራንም፣ ፈተናውንም።»